ከምንጣፉ ዳር የቆመ ቤተሰብ

አተካናው ከእሳት ወርዷል። ቡላው በወተትና በቅቤ ሲማሰል ስላመሸ ሽታው ከማድ ቤት ወጥቶ ግቢውን፣ ከግቢው አልፎ ጎረቤቱን አዳርሷል። በሀዲያ ቤት አተካና ዝም ብሎ የሚሠራ ምግብ አይደለም፤ የዘመን መለወጫው ያሆዴ ሲመጣ ወይም የተከበረ እንግዳ ደጅ ሲረግጥ ነው የሚቀርበው። ዛሬ በዓልም እንግዳም የለም። የቤቱ ልጅ ነገ ጠዋት ሊወዳደር ነው፤ ለእናቱ ይህ ከበዓል አያንስም። ማንኪያውን ሞልተው ሲያቀርቡለት የ19 ዓመቱ ወጣት ማንኪያውን ያያል፣ እናቱን ያያል፣ ከዚያ የነገውን ሚዛን ያስባል። የተመዘገበው ከ58 ኪሎ በታች ነው። አንድ ጊዜ ቀምሶ፣ "አማ፣ የቀረውን ነገ ማታ" ይላል።

እናት ክዳኑን ይመልሳሉ። ጦሙን አድሮ የሚደባደብ ሰው ከየት እንደመጣ አይገባቸውም።

የማርሻል አርት ውድድር በቀረበ ቁጥር በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ፣ በዶዮገና፣ በአንጋጫና በሾኔ እንዲህ ያለ ዋዜማ የሚያመሹ ቤቶች አሉ። በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ የሚሰፍረው የአንድ ልጅ ስም ነው። በማግስቱ አዳራሹ በር ላይ የሚደርሰው ግን ሌላ ነው፤ ትራንስፖርት የሸፈነ አጎት፣ የቴኳንዶ ልብሱን፣ ዶቦኩን፣ አጥባ የተኮሰች እህት፣ ከልጅነት ጀምሮ አብሮት የተራገጠ ጓደኛ፣ ታናሹን በእጇ፣ ውሃውን በፌስታል የያዘች እናት አብረው ይገባሉ።

58 ኪሎ በኢትዮጵያ ቴኳንዶ ውስጥ የራሱ ታሪክ ያለው ቁጥር ነው። ሰለሞን ቱፋ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ሞሮኮ፣ ራባት ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ማጣሪያ ወደ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ያለፈው በዚህ ምድብ ነበር። ሐምሌ 17 ቀን 2013 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ወደ ምንጣፉ ሲወጣ ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ቴኳንዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወከለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ኦሊምፒክ ሲባል በአብዛኛው ቤት ትዝ የሚለው ሩጫ ነበር። በሬዲዮም በቴሌቪዥንም የምንጠብቀው የ10 ሺህ ሜትሩን የመጨረሻ ዙር ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በየከተማው ጓሮ እግሩን የሚያነሳ ልጅ፣ ይህም መንገድ ወደዚያ እንደሚያደርስ የሚያሳይ አንድ ስም አግኝቷል።

መንገዱ ረጅም ነው። መነሻውም ልጁ በማግስቱ እንደሚገባበት ያለ አዳራሽ ነው።

አዳራሹ ለስፖርት ተብሎ የተሠራ ላይሆን ይችላል። የትምህርት ቤት ወይም የወጣት ማዕከል ይሆናል፤ አንዳንዴም ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ የተገፉለት የስብሰባ አዳራሽ ነው። ምንጣፉ እርስ በርስ የሚሰካካ ቀይና ሰማያዊ ስፖንጅ ነው፤ በጭነት መኪና ወይም በባጃጅ ተጭኖ ይመጣል፤ የሚያነጥፉትም ትንሽ ቆይተው በላዩ ላይ የሚፋለሙት ልጆች ራሳቸው ናቸው። ሆሳዕና ላይ ለብዙ ሰው ስፖርት ማለት አቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ነው፤ የእግር ኳስ ክለቡ ሀዲያ ሆሳዕና በሜዳው ሲጫወት ከተማው ግማሹ እዚያ ነው። የማርሻል አርት ተመልካች ያንን ያህል አይሆንም። አንድ ልዩነት ግን አለ። እዚህ ከተቀመጠው ሰው አብዛኛው ከተወዳዳሪዎቹ የአንዱ ዘመድ ነው።

ከዱራሜ የተነሳው ሚኒባስ ገና ሳይነጋ ነው መንገድ የጀመረው። ዱራሜ በሐምበሪቾ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት፤ ተራራው ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ወደ ጫፉ የሚወስደው ደረጃም 777 ነው። ጭኑን ማጠንከር ለሚፈልግ ስፖርተኛ ከዚህ የተሻለ ነፃ ጂም የት ይገኛል? በአንጋጫ በኩል ወደ ሆሳዕና የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ እንሰት ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ከፊት ልጆቹ "ማስተር" የሚሉት አሰልጣኝ፣ መሀል ላይ ተወዳዳሪዎቹ፣ ከኋላ ደግሞ ማንም ያልመዘገባቸው ይቀመጣሉ፦ ልጁን ብቻውን መላክ ያልሆነለት አባት፣ ሁለት እህቶች፣ ከሥራው ፈቃድ የወሰደ የአጎት ልጅ።

እስከ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ድረስ ሀዲያም ከምባታም በደቡብ ክልል ሥር ስለነበሩ የክልላቸው መቀመጫ ሐዋሳ ነበረች። ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና ራሷ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ የከምባታ ጠምባሮ ዞንም ከምባታ ዞንና ጠምባሮ ልዩ ወረዳ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ለአስተዳደር ሰው ይህ የመዋቅር ለውጥ ነው። ልጁ ዞኑን ወክሎ የክልል ውድድር ለሚሄድበት አባት ግን የአውቶቡስ ዋጋ ጉዳይ ነው፤ አልጋ ተከራይቶ ማደርና ማታ ቤት መመለስ በጣም ይለያያሉ።

የጠዋቱ የመጀመሪያ ፍልሚያ ከሚዛን ጋር ነው። ልጆቹ በካልሲ ተሰልፈው አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ መዝጋቢው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል። አተካናውን ትቶ ያደረው ወጣት 57 ከ800 ሆኖ ትንፋሹን ሲለቅ፣ ከኋላው ያለው ጓደኛው 300 ግራም ይበልጣል። በወርልድ ቴኳንዶ ደንብ በተመደበው ሰዓት ውስጥ አንድ ተጨማሪ የመመዘን ዕድል ስላለ ልጁ ጃኬት ደርቦ በአዳራሹ ዙሪያ ይሮጣል፤ ታላቅ ወንድሙም አብሮት ይሮጣል፤ መሮጥ ሳይኖርበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይባል መታለፍ የለበትም። ኪሎ ለማውረድ ሲባል ታዳጊን ማስራብና ውሃ መከልከል ጀግንነት አይደለም፤ የሚያድግ ሰውነትን መጉዳት ነው። ጥሩ አሰልጣኝ ልጁን በሚመዝነው ኪሎ ያስመዘግበዋል እንጂ ወደማይመዝነው አይጎትተውም። የእናቶች ቁጣ በዚህ ጉዳይ ከብዙ አሰልጣኝ ምክር ይልቅ ትክክል ነው።

ውድድሩ ሲጀመር አዳራሹ ውስጥ ቢያንስ አራት ቋንቋ ይሰማል። ዳኛው በኮሪያኛ ያዛል፦ "ቻርዮት" ሲል ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ "ኪዩንግኔ" ሲል ጎንበስ ብለው ይሰጋገዳሉ፣ "ሺጃክ" ሲል ይጀምራሉ። አሰልጣኙ ከጥግ በአማርኛ ይመክራል። ከመቀመጫው ግን ሀዲይሳና ከምባትሳ ነው የሚጎርፈው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው፤ ማቶ፣ ላሞ፣ ሳሶ ብለው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስትን ሁለቱም በአንድ አፍ ይቆጥራሉ። አራት ላይ ሲደርሱ ነው ሀዲያው ሶሮ፣ ከምባታው ሾሎ ብለው የሚለያዩት፤ አምስት ላይ በኦንቶ እንደገና ይገናኛሉ። ማቶ፣ ላሞ ብሎ መቁጠር የጀመረ ሕፃን ክለብ በገባ በሳምንቱ ሃና፣ ዱል፣ ሴት፣ ኔት፣ ታሶት እያለ ርግጫውን ይቆጥራል። ቤት ሲገባም እንዲሁ ስለሚቆጥር ሴት አያቱ ሳይቀሩ ለምደውታል።

ኮሪያኛ ከሆሳዕና ምን አገናኘው የሚል ሰው ወደ 1943 ዓ.ም. መመለስ አለበት። በዚያ ዓመት ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ዘመተ። በጦርነቱ በየተራ ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተሰልፈዋል፤ ከ120 በላይ ሞተዋል፤ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። ዘማቾቹ እዚያ ሳሉ ቴኳንዶ የሚባል ስም ገና አልወጣም። ስሙን ያወጡት ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ናቸው፤ እሱም የሆነው በ1947 ዓ.ም.፣ ተኩሱ ቆሞ ሁለት ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። አያቶቹ መሣሪያ ይዘው ወደሄዱበት ሀገር የልጅ ልጆቻቸው በባዶ እግር፣ በቁጥርና በሰላምታ ተመልሰዋል።

ጄኔራሉ መጋቢት 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ሴኡል ውስጥ ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ፌዴሬሽንን መሠረቱ። በኋላ እሳቸው ከሀገር ሲወጡ ኮሪያ በ1965 ዓ.ም. ዛሬ ወርልድ ቴኳንዶ የሚባለውን ሌላ ድርጅት አቋቋመች፤ ወደ ኦሊምፒክ የገባውም ይህኛው ነው። በሴኡልና በባርሴሎና ለትርዒት ቀረበ፤ በሲድኒ፣ በ2000 እ.ኤ.አ.፣ ሜዳሊያ የሚሰጥበት ስፖርት ሆነ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለቱም የየራሳቸው ፌዴሬሽን አላቸው። ስለዚህ በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት፣ ሁለት ዓይነት ቴኳንዶ የሚሠሩ ልጆች ይገኛሉ። በኢንተርናሽናሉ ጓንት ተደርጎ ፊት ላይ በቡጢ መምታት ይቻላል፤ በወርልዱ ቡጢ ደረት ላይ ብቻ ነው፤ ፊት የእግር ድርሻ ነው።

ነጥቡን ማወቅ ተመልካቹን ከጩኸት ወደ እይታ ያሻግረዋል። በወርልድ ቴኳንዶ ደረት ላይ ያረፈ ቡጢ 1፣ ደረት ላይ ያረፈ ርግጫ 2፣ ራስ ላይ ያረፈ 3 ነጥብ ያሰጣል። ተሽከርክሮ ደረት የመታ 4፣ ተሽከርክሮ ራስ ያገኘ 5 ያገኛል። የወደቀ፣ ከምንጣፉ የወጣ ወይም የያዘ ሰው "ጋምጆም" ተብሎ ይቀጣና ለተጋጣሚው 1 ነጥብ ይሰጣል። ውድድሩ እያንዳንዱ 2 ደቂቃ የሆነ 3 ዙር አለው፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ከሦስቱ ሁለቱን ዙር ያሸነፈ ያሸንፋል። ይህ ለውጥ ለቤተሰብ ነርቭ ጥሩ አልሆነም። ድሮ በመጀመሪያው ዙር 10 ነጥብ የተመራ ልጅ እናት ተስፋ ቆርጠው ዓይናቸውን መክደን ይችሉ ነበር፤ አሁን ግን ሁለተኛው ዙር ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምራል።

በትልልቆቹ ውድድሮች ምቱን የሚቆጥረው የደረት መከላከያው ውስጥ የተገጠመ ኤሌክትሮኒክስ ነው። በዞን ደረጃ ብዙውን ጊዜ የሚቆጥረው ማዕዘን ላይ የተቀመጠ ዳኛ ዓይን ነው። ስለዚህ ሰማያዊ ለባሹ አገባሁ ብሎ እጁን ሲያነሳ፣ ቀይ ለባሹ አልነካኝም ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ፣ ከመቀመጫው ሃያ ዘመድ "ዳኛ!" ብሎ ይነሳል። እዚህ ጊዜ ነው ማስተሩ የሚታወቀው። ዞር ብሎ የራሱን ተማሪ ዘመዶች በእጁ የሚያስቀምጥ አሰልጣኝ አለ፤ ልጁ ሳይከራከር እንዲሰግድ አስተምሮ ሲያበቃ ቤተሰቡ ዳኛ እንዲሰድብ አይፈቅድም።

ከፍልሚያው በፊት የትንንሾቹ ተራ ነው። ፓተርን ይሠራሉ፤ ከማይታይ ባላጋራ ጋር በሥርዓት የሚደረግ የመከላከልና የማጥቃት ቅደም ተከተል ነው። በኢንተርናሽናል ቴኳንዶ 24 ፓተርኖች አሉ፤ ቁጥሩ የአንድ ቀን 24 ሰዓት ምሳሌ ነው። የመጀመሪያው ቾንጂ ሲባል ትርጉሙ ሰማይና ምድር፣ እንቅስቃሴውም 19 ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ግማሽ ላይ ደርሶ ይጠፋበታል። ጎረቤቶቹ ሲዞሩ እሱ ቆሞ ይቀራል፤ ዓይኑ እናቱን ይፈልጋል። እናቱ ከሦስተኛው ረድፍ፣ ማንም ሳያይ፣ ግራ ክንዷን ዝቅ አድርጋ ወደ ግራ ዞር ትላለች። ቴኳንዶ ተምራ አታውቅም። ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋውና ቴሌቪዥኑ መሀል፣ ልጇ በየማታው ሲደጋግመው አብራው ስለኖረች 19ኙንም ታውቃቸዋለች።

በብዙ ቤት ግን እናት እዚህ የደረሰችው በቀላሉ አይደለም። ማርሻል አርት ወደ ኢትዮጵያ ትናንሽ ከተሞች በሰፊው የገባው በቪዲዮ ቤት በር ነው። በጣውላ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀው ብሩስ ሊን፣ ጃኪ ቻንን፣ ጄት ሊን ያዩ ልጆች ወደ ቤት ሲመለሱ ያገኙትን ሁሉ ይራገጡ ነበር። በዚህ አካባቢ ደግሞ ጓሮው እንሰት ነው። ረጅም፣ ለስላሳ፣ የማይመልስ፤ ለጀማሪ እግር ከዚህ የተመቸ ዒላማ የለም። ለእናት ግን እንሰት ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅ የቤተሰብ ስንቅ ነው፤ ቆጮውም ቡላውም ከዚያ ነው። የተረገጠ እንሰት ያየች እናት ስለ ኩንግ ፉ በጎ አመለካከት ሊኖራት አይችልም። ቪዲዮ ቤት ማለት ከትምህርት መቅረት፣ ኩንግ ፉ ማለት ሰፈር ውስጥ መደባደብ የሆነው በዚህ ዘመን ነው። ወላጆቹ አልተሳሳቱም፤ የሚያዩትን ነበር የሚናገሩት።

አመለካከቱን የቀየረው ክለቡ ነው። ልጁ በሰዓቱ ይሄዳል፣ ጫማውን ከበር አውልቆ በረድፍ ያስቀምጣል፣ ሲገባም ሲወጣም ይሰግዳል። አንዳንድ አሰልጣኞች ከቀበቶ ፈተና በፊት የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድ ይጠይቃሉ። ቀበቶውም ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ነው። ነጭ ምንም ያላወቀ፣ ቢጫ ዘር ሥር የሚሰድባት ምድር፣ አረንጓዴ የበቀለ ተክል፣ ሰማያዊ ተክሉ የሚያድግበት ሰማይ፣ ቀይ ለራስም ለባላጋራም የአደጋ ማስጠንቀቂያ፣ ጥቁር የነጭ ተቃራኒ፤ በዓመታት ነው የሚደረሰው። ዘርና ሥር፣ ተክልና ዝናብ እያሉ ላደጉ የገበሬ ቤተሰቦች ይህ ትርጉም አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ትግል ደግሞ ከድሮም ባዕድ አልነበረም። ከባህል ስፖርቶቻችን አንዱ ነው፤ ከብት ጠብቆ ያደገ አባት ሜዳ ላይ ያልታገለ የለም። አሁን ልጁ ሲያሸንፍ ከሁሉ በፊት ዘሎ የሚነሳው እሱ ነው።

አንዳንዱ አባት ከማየት አልፎ ራሱ ይገባበታል። ልጁን ሲያመላልስ በር ላይ ቆሞ መጠበቅ ሰለቸውና አንድ ቀን ነጭ ቀበቶ ታጠቀ። እዚህ ላይ በማኅበረሰባችን የማይታይ ነገር ይታያል። በክለብ ሰልፍ የሚያዘው በዕድሜ ሳይሆን በቀበቶ ነው፤ ቢጫ የታጠቀው የአሥር ዓመት ልጅ ከፊት፣ ነጭ የታጠቀው የ41 ዓመት አባት ከኋላ ይቆማል። ታላቅ ሲገባ ብድግ በሚባልበት፣ አባት ሳይቀምስ ማዕድ በማይነካበት ቤት ያደገ ልጅ ከፊት ሆኖ ዞር ዞር እያለ ይሳቀቃል። አባትየው ግን እንቅስቃሴው ሲምታታበት የሚያየው የልጁን ጀርባ ነው። ስልጠናው አልቆ ወደ ቤት ሲሄዱ ልጁ የአባቱን ቦርሳ ይሸከማል። ሁለቱም አክብሮቶች በአንድ ቀን፣ አንዱ ሌላውን ሳይሽር ይኖራሉ። በውድድሩ ቀን አባትየው በፓተርን ከእኩዮቹ ጋር ወጥቶ ሦስተኛ ቢሆን እንኳ፣ ቤተሰቡ ስለ ልጁ ወርቅ ሳይሆን ስለ አባት ነሐስ ነው ሳምንቱን ሙሉ የሚያወራው።

ከባዱ ነገር ዕጣው ሲወጣ ነው። አንድ ክለብ፣ አንድ ኪሎ፣ ሁለት ጓደኛሞች፤ ወይም ሁለት ወንድማማቾች። በትንሽ ውድድር ተወዳዳሪው ጥቂት ስለሆነ ሁለት ዙር እንደተሻገሩ መገናኘታቸው አይቀርም። እናት ማንን ይደግፉ? አሰልጣኙ ማን ጥግ ይቀመጥ? ጥሩ አሰልጣኝ ከሁለቱም ጥግ ርቆ፣ እጁን አጣምሮ ያያል። አንዳንዱ ታላቅ ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ ለታናሹ ይለቃል፤ አዳራሹ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

ዓለምም በዚህ ጥያቄ ላይ አንድ መልስ የላትም። ቪታሊና ውላዲሚር ክሊችኮ ሁለቱም በአንድ ዘመን የከባድ ሚዛን ቦክስ የዓለም ሻምፒዮን ነበሩ፤ እርስ በርስ ላለመግጠም ለእናታቸው ቃል ገብተው ስለነበር አንድም ቀን ሪንግ ውስጥ አልተገናኙም። የእኛዎቹ ጥሩነሽና እጅጋየሁ ዲባባ ግን በ1997 ዓ.ም. ሄልሲንኪ ላይ በ5 ሺህም በ10 ሺህም ሜትር አብረው ሮጠው ታናሽየዋ ወርቅ፣ ታላቅየዋ ነሐስ ይዘው ወጥተዋል። ሩጫ ጎን ለጎን ነው፤ እህት እህቷን አትመታም። ከፍልሚያ ስፖርት እድለኞቹ የጃፓኖቹ ጁዶ ተጫዋቾች ኡታና ሂፉሚ አቤ ናቸው፤ ሴትና ወንድ በመሆናቸው ምድባቸው ስለማይገናኝ፣ ሰለሞን ቱፋ ቶኪዮ ላይ በተወዳደረ ማግስት እህትና ወንድም በአንድ ቀን ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰዱ።

ሆሳዕና ላይ የአቤ ዓይነት ዕድል ያላቸው ቤቶች አሁን አሁን እየታዩ ነው፤ ሴት ልጅ ከወንድሟ ጋር ዶቦክ ለብሳ ትመጣለች። ወላጅ ወንዱን የፈቀደው ቶሎ ነው፤ ሴቷን የፈቀደው ወንድሟ አብሯት ስለሚሄድ ነው። መጀመሪያ ጠባቂ ሆኖ የገባ ወንድም ከጥቂት ወራት በኋላ ከእሷ ርግጫ የሚጠበቅ ይሆናል። ከመቀመጫው የሚመጣው ድምፅም ለሴቶቹ የተለየ ነው፤ እኩዮቿ ሌሎች ልጃገረዶች ስሟን እየጠሩ ይጮሃሉ፤ አንዳንዷ በሚቀጥለው ሳምንት ለመመዝገብ የምትመጣው ከዚህ ጩኸት ተነስታ ነው። ሴት አሰልጣኝ ግን በእነዚህ ከተሞች ታስፈልጋለች። ማሰልጠኛ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ጥቁር ቀበቶ ያላት ሴት ብትኖር ስንት አባት ሳያመነታ ልጁን ይልክ ነበር!

በአዳራሹ ውስጥ አንድ የማይታይ ረድፍ ደግሞ አለ። የአጎት ልጅ ስልኩን ከሰው ራስ በላይ አንስቶ ይዟል፤ በስልኩ ውስጥ ጆሃንስበርግ ያለው ታላቅ ወንድም ሱቁን ሳይዘጋ ፍልሚያውን ያያል። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ "ምን ሆነ? ማን አገባ?" ይላል። ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ ያልሄደ ሰው የሌለበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። የሆሳዕናን ፎቆች ያቆመው ገንዘብ በከፊል ከዚያ ነው የመጣው፤ የዚህ ልጅ የራስ መከላከያና የእግር ሽፋንም እንዲሁ። ያው መንገድ የሚበላውም ብዙ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ግዛት ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ስደተኞች ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተነገረ። የማርሻል አርት ክለብ ስደትን ያቆማል ብሎ መጻፍ ለሟቾቹም ለቀሩትም አክብሮት ማጣት ነው፤ ሥራና ገቢ በሜዳሊያ አይተካም። ግን የ19 ዓመት ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን የሚጠብቀው ሰው፣ ሲቀር "የት ነበርክ?" የሚለው ማስተር፣ የሚቀጥለው የቀበቶ ፈተና ያለው መሆኑ ትንሽ ነገር አይደለም። ደላላ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ማንም የማይጠብቀውን ልጅ ነው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ርግጫ አገጭ ላይ ያርፋል። ልጁ ይወድቃል፤ አዳራሹ ዝም ይላል። ዳኛው መቁጠር ይጀምርና አንድ ነገር አይቶ ያቆማል፤ እጁን ለሕክምና ባለሙያው ያውለበልባል። ልጁ ተነስቶ "ደህና ነኝ" ይላል። ጓደኞቹ "ይቀጥል!" ይላሉ። አባቱ ግን ወደ ምንጣፉ ዳር መጥተው "በቃ" ይላሉ። ራሱ ላይ ተመትቶ የተደናገጠ ልጅ በዚያ ቀን መቀጠል የለበትም፤ ይህ ለድርድር የሚቀርብ ነገር አይደለም። ሁለተኛ ምት ከመጀመሪያው የከፋ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስና እንቅልፍ ከተከተለም ሐኪም ማየት አለበት። ለሆሳዕና ተወዳዳሪ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል በከተማው ውስጥ ነው። ከሩቅ ወረዳ ለመጣ ልጅ ግን ምንጣፉ ዳር የተቀመጠ አንድ ነርስና አንድ ዝግጁ መኪና ከዋንጫው በፊት ሊታሰብባቸው ይገባል። አዘጋጆች ገንዘብ ሲያጥራቸው መጀመሪያ የሚቀንሱት ይህንን ከሆነ ውድድሩን ቢያስተላልፉት ይሻላል።

58 ኪሎው ወጣት እስከ ግማሽ ፍፃሜ ሄደ። የመጀመሪያውን ዙር አሸነፈ፤ ሁለተኛውን ተሸነፈ። ሦስተኛው ዙር ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው እኩል ነበሩ። ከዱራሜ የመጣው ተጋጣሚው ተሽከርክሮ የላካት እግር ደረቱ ላይ አረፈች፤ 4 ነጥብ። ሁለቱም እየተንገዳገዱ ቆመው ተሰጋገዱ፤ ከዚያ ልጁ በደንቡ መሠረት ወደ ተጋጣሚው አሰልጣኝ ሄዶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። የዱራሜው ማስተር ትከሻውን ያዝ አድርገው በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት። ምን እንዳሉት ወንድሙ ሁለት ጊዜ ጠይቆት አልመለሰለትም።

ማታ፣ የዱራሜው ሚኒባስ በጨለማ ዳገቱን ሲመለስ፣ አንዲት ሜዳሊያ ከፊት ወንበር ተነስታ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረች ኋላ ወንበር ያሉት አባት ዘንድ ትደርሳለች። በስልኩ ብርሃን አገላብጠው ያዩዋታል። ሆሳዕና ላይ ደግሞ እናት ምድጃውን እንደገና አያይዘዋል። ትናንት የተከደነው አተካና በትንሽ ወተት ይለሰልሳል፤ አዲስ ቅቤ ይጨመርበታል። ልጁ የታችኛው ከንፈሩ አብጦ፣ ዶቦኩን ሳያወልቅ መጥቶ ይቀመጣል። እህቱ ከጎኑ፣ ጓደኛው፣ ያ 300 ግራም የበለጠው፣ ከወዲያ በኩል ይቀመጣሉ። አባት "ያቺን መጨረሻ ላይ የመጣችብህን እግር እንዴት ሳታያት ቀረህ?" ብለው ይጠይቁታል። ልጁ ማንኪያውን አስቀምጦ ተነሳና ማድ ቤቱ በር ላይ፣ በዝግታ፣ ያቺን እግር ያሳያቸው ጀመር። "ቀስ በል፣ ድስቱ!" አሉ እናት።